ጦይባ እስክትጨርስ

ጦይባ መሞቷን የሰማሁት ወልድያ መናኸሪያ በር ላይ ቆሜ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ስልኬ ሲጠራ እንኳ ነገሬን አላቋረጥኩም፤ በአንድ እጄ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ሌላውን ሰውየው ላይ እያወናጨፍኩ ነበር። የደወለው ታናሽ ወንድሟ ሰይድ ነው። «አስኩ፣ ጦይባ ሄደችብን። ቀብሩ ከዙህር ሶላት በኋላ ነው» አለኝ። ባጃጅ ነጂው ፊቴን አይቶ ጭቅጭቁን ተወውና «እህቴ፣ ምን ሆንሽ?» አለኝ። ሳልመልስለት ወደ ሚኒባሶቹ ሮጥኩ። እኔ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል።

ጦይባ እናቷ ዘንድ የነበረችበት መርሳ ከወልድያ ሩቅ አይደለም። ዛሬ ግን ሚኒባሱ ሰው ለማውረድ ሲቆም፣ ሰው ለመጫን ሲቆም፣ ሲሪንቃ ላይ ደግሞ የአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት ጆንያ ጣሪያ ላይ ይታሰር አይታሰር ተብሎ ክርክር ሲነሳ፣ ወርጄ በእግሬ ልሩጥ ብዬ ነበር። ቤቷ ስደርስ ወንዶቹ ተሸክመዋት ሄደዋል። ከሴቶቹ ጋር ግቢው ውስጥ ቀረሁ። እናቷ እማማ ዘሐራ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ዘረጉልኝና «መጣሽ ልጄ፤ ትናንት እኮ አብረን ነበርን» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ትናንት አብረን ነበርን። የትናንቱን ወደኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ብጀምረው እንባዬ ይቀድመኛል።

ጦይባ የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። እኔ ወልድያ እሷ በምታስተምርበት ቦታ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ ዕቃ የማጥበው፣ የባክቴሪያ ምግብ የማፈላው፣ ተማሪ ብልቃጥ ሲሰብር የምጮኸው እኔ ነኝ። እሷ ትንተባተብ ነበር። ትንሽ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቃል ላይ ስትያዝ ከንፈሯ ተገጥሞ ይቀራል፣ አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ይገተራል፣ ዓይኗ ግን ከምታናግረው ሰው ላይ አይነቀልም። ሰው የሚጨነቀው በዚያ ዓይኗ ነው። አንገቷን ብትደፋ ኖሮ አዝኖላት ያልፍ ነበር።

መጀመሪያ የተገናኘን ቀን ላቦራቶሪ ገብታ ዕቃ ልትጠይቀኝ ጀመረችና «ማ…» ላይ ቆመች። «ማይክሮስኮፕ ነው?» አልኳት፣ ልረዳት ብዬ። አዎ እንደ ማለት ነቀነቀችልኝና ዓረፍተ ነገሩን ከ«እንደምን አደርሽ» ጀምራ እንደ አዲስ ያዘችው። እዚያው ስትደርስ እዚያው ቆመች። «ማይክሮስኮፕ፣ ገባኝ፣ ላምጣልሽ» አልኩ። እንደገና ከእንደምን አደርሽ። ደሜ ፈላ፤ ይህቺ ሴት እየቀለደችብኝ ነው አልኩ። በመጨረሻ ሲታክተኝ አፌን ዘጋሁ። ቃሉን ራሷ አወጣችው፣ አመሰገነችኝ፣ ማይክሮስኮፑን ታቅፋ ሄደች።

ሕጓ ይህ ነበር። ሰው ቃሏን ከጨረሰላት፣ ትክክል ቢሆንም እንኳ፣ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ተማሪዎቿ ይህን ባንድ ሳምንት ተምረው ጭጭ ይሉ ነበር። ያልተማሩት የሚኒባስ ረዳቶች ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቷን ልትጠይቅ መርሳ ስትሄድ ረዳቱ የት እንደምትወርድ ይጠይቃታል፣ «መ…» ስትል እሱ መርሳ ብሎ ይጨርሳል፣ እሷ እንደገና ትጀምራለች። አንዴ አብሬያት ስሄድ ረዳቱ እጅ ሰጥቶ «እሺ እቴ፣ እስክትጨርሺ እንጠብቃለን» ብሎ በሩን ይዞ ቆመ። ሚኒባሱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ ግን «መርሳ» ብላ ጨረሰች።

ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ስንላመድ ጠየቅኋት። መንተባተቧን እዚህ አልጽፈውም፣ የማሾፍባት ይመስለኛል፤ እናንተ ግን በየቃሉ መካከል ጊዜ ጨምሩበት። «ልጅ ሆኜ እናቴ ትጨርስልኝ ነበር» አለችኝ። «ቀጥሎ ሰይድ፣ ቀጥሎ ክፍል ያለው ሁሉ። ሰው የሚጨርስልኝ እሱ ያሰበውን እንጂ እኔ ያሰብኩትን አይደለም። ስንት ጊዜ ያልፈለግኩትን ነገር አዎ ብዬ ይዤ ገብቻለሁ። አስካለ፣ አንቺ አትጨርሺልኝ።»

እሺ አልኳት። ለእኔ ቢጤ ለፍላፊ ይህ ከባድ ጾም ነው። አንዳንዴ ጥርሴን ነክሼ፣ አንዳንዴ ጣራ ጣራ እያየሁ እጠብቃት ነበር። እየቆየ ግን አንድ ነገር ሆነ፤ ስጠብቃት ማሰብ ጀመርኩ። ቤቴ ያሉት «አስካለ ምን ነክቷታል፣ ሰው ታስጨርሳለች» ማለት ጀመሩ።

ለሦስተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ነገር መጀመሪያ ምንም አልገባኝም ነበር። ያስረዳችኝ ዕቃ እያጠብኩ ነው። ባክቴሪያ ፕሮቲን የምትሠራበት መመሪያ ዲ ኤን ኤዋ ላይ ተጽፏል፤ መመሪያው በሦስት በሦስት ፊደል ይነበባል፤ ሦስቱ ፊደል ኮዶን ይባላል፣ ኮዶኑም አሚኖ አሲድ የሚባል አንድ የፕሮቲን ቁራጭ ይጠራል። እስከዚህ ድረስ ከትምህርት ቤት አውቀዋለሁ። ያላሰብኩት ነገር ለአንዱ አሚኖ አሲድ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ኮዶን መኖሩን ነው። በዚህኛውም ተጻፈ በዚያኛው የሚመጣው አሚኖ አሲድ ያው ነው። ታዲያ ምን ለውጥ አለው፣ ባክቴሪያ የፈለገችውን ትምረጥ አልኳት።

«መርሳ ላይ ቆመሽ ወልድያ መሄድ ፈለግሽ እንበል» አለች። «ሚኒባስ ልያዝ ካልሽ ወዲያው ታገኛለሽ። ከደሴ በውርጌሳ በኩል የሚመጣውን አውቶቡስ ነው የምሳፈረው ካልሽ ግን ጥላ ፈልገሽ ትቀመጫለሽ። ሁለቱም ወልድያ ያደርሱሻል።» ባክቴሪያዋ ውስጥም እንዲሁ ነው። አሚኖ አሲዱን ተሸክሞ የሚያቀርበው ለአንዳንዱ ኮዶን በሽ በሽ ነው፣ ለአንዳንዱ ብርቅ ነው። መመሪያውን እያነበበ ፕሮቲኑን የሚቀጣጥለው ሪቦዞም ብርቁ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ይጠብቃል።

ብዙ ሰው ባክቴሪያን ፕሮቲን ማሠራት ሲፈልግ ብርቆቹን ኮዶኖች አውጥቶ በሽ በሾቹን ይተካል፣ ሥራው እንዲፋጠን። ጦይባ የጠየቀችው ግን ያ መቆም ጥቅም ቢኖረውስ የሚለውን ነው። ፕሮቲን እንደ ክር ወጥቶ በልኩ መታጠፍ አለበት፤ ካልታጠፈ ሥራ አይሠራም። እየተጣደፈ ሲወጣ ተጠላልፎ ቢቀርስ? ይህን ለማየት አማካሪዋ አዲስ አበባ ሆነው ሁለት ዓይነት ባክቴሪያ አስመጡላት። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ፕሮቲን ነው፣ በልኩ ከታጠፈ አረንጓዴ የሚያበራ። በአንደኛዋ ኮዶኖቹ ሁሉ ፈጣን ናቸው፤ ባጃጅ አልናት። በሌላኛዋ አንድ ቦታ ላይ ዝግተኛዎቹ እንዳሉ ተትተዋል፤ እሷን ጋሪ አልናት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከሸሸንበት ስንመለስ ላቦራቶሪው ባዶ ግድግዳ ነበር፤ ማቀዝቀዣ የለም፣ ባክቴሪያ የምናሞቅበት ማሽን የለም፣ የበሩ እጀታ ሳይቀር ተነቅሏል። እኔ ወለሉ ላይ ተዘርፍጬ አለቀስኩ። ጦይባ ግን ባጃጅንና ጋሪን በትንንሽ ብልቃጥ፣ በረጋ ምግብ ላይ ዘርታ፣ እናቷ ቤት ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀብራቸው ነበር። ክዳናቸው ከጠበቀና ጨለማ ካገኙ እንደዚያ ሆነው ብዙ ወር ይቆያሉ። ቤቱ ሲበረበር ማሽላው ተወሰደ፣ ብልቃጦቹ ወለል ላይ ተደፉ። እማማ ዘሐራ አንድ በአንድ ለቅመው በሻሽ ቋጠሯቸው። ምንነታቸውን አያውቁም፤ «የልጄ ትሎች» ነው የሚሏቸው። የልጃቸው መሆናቸው በቃቸው።

ማሽን ከሌለ በምን እናሞቃለን ብዬ ሳማርር ጦይባ የእናቷን መቀነት ይዛ መጣች። ወገቧ ላይ ጠመጠመችውና ብልቃጦቹን በእጥፋቱ መካከል ሰካቻቸው። የወገብ ቆዳ ሙቀት ከብብት ዝቅ ይላል፣ ለእኛ ባክቴሪያዎች ደግሞ ልካቸው ነበር። ለእኔም መቀነት አስታጠቀችኝ። ማሽኑ ይንጥልን የነበረውን እኛ በእግራችን እንንጠው ጀመር፤ ባጃጅንና ጋሪን ታጥቀን ግቢውን ስንዞር ያየን ሰው ሁሉ ስእለት ያለብን ይመስለው ነበር። እኔ ፈጥኜ ስሄድ እሷ መቀነቴን ከኋላ ይዛ ትጎትተኛለች።

አረንጓዴውን የምናየው ከወንድሜ ሱቅ በተዋስኩት ሐሰተኛ ብር መለያ መብራት ነው። መጀመሪያ ቀን መጋረጃ ዘግተን ስናበራው ክፍሉ ሁሉ ቦግ አለ። ተቃቅፈን ዘለልን። ቆይቶ ስናስተውል የበራው የጦይባ ነጭ ሻርፕ ነው፤ በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነገር እንደዚያ ያበራል። ብልቃጦቹ ድፍን ጨለማ ነበሩ፣ ጨው አብዝቼባቸው ኖሯል። በሳቅ ስንንፈራፈር እሷ አንድ ቃል ልትናገር ሞከረች፣ ሳቅና መንተባተብ ተደባልቆባት ሻርፗን አፏ ላይ ጠቀጠቀች።

በኋላ ግን መጣልን። ጥቁር ሻርፕ ለብሳ መብራቱን ስታበራ ባጃጅ ደብዛዛ ነበረች። ጋሪ አበራች፣ እንደ ቡቃያ አረንጓዴ ሆና። አልዘለልንም። ጦይባ ብልቃጡን ይዛ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች።

ወሬው ክፍል ሲደርስ አንዱ ጎበዝ ተማሪ ተነስቶ «መምህርት፣ እርስዎም እንደ ጋሪ ነዎት፤ ዝግ ማለትዎ ጥቅም አለው» አላት። ደስ ሊያሰኛት ነው። በሩ አጠገብ ስለነበርኩ ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። «የባክቴሪያዋ ዝግታ ጥቅም አለው» አለችው። «የእኔ ምንም ጥቅም የለውም። እኔ የምፈልገው መናገር ነው።» ይህን ለመጨረስ የፈጀባትን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ። ልጁ አሳዘነኝ፣ እሷ ግን ይበልጥ አሳዘነችኝ።

መመረቂያ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት ቆማ መከላከል ነበረባት። አማካሪዋ ደግ ሰው ናቸው፤ ሌላ ሰው ያንብብልሽ፣ ማንም ቅር አይለውም አሏት። እምቢ አለች። ሕይወቷን ሙሉ ሰው ሲጨርስላት ኖሮ ይህንን አንዱን ነገር ራሷ ጀምራ ራሷ ልትጨርሰው ምላ ነበር። ዲግሪውን ትፈልገው አልነበረም ማለቴ አይደለም። ይበልጥ የፈለገችው ግን ያንን ነው።

ከዚያ በፊት ሙከራውን መደጋገም ነበረብን። አንድ ሰሞን የእሷ ብልቃጦች አሻፈረኝ አሉ። እኔ ወገብ ላይ የታሰረችው ጋሪ ስታበራ የእሷዋ ጋሪ ትጠፋለች። ምግቡን ጠረጠርን፣ ቀየርነው። ውሃውን ጠረጠርን፣ አፍልተን ደገምነው። ብልቃጥ ተለዋወጥን፤ ጨለማው ከብልቃጡ ጋር ሳይሆን ከእሷ ወገብ ጋር ቀረ። ያኔ እንኳ አልገባንም። ባክቴሪያ እንጂ ሰው አይተን አናውቅማ። በመጨረሻ ቴርሞሜትር በመቀነቷ እጥፋት ሰካሁ፤ ከእኔ በጣም ይበልጣል። ሙቀት ሲበዛ ፕሮቲኑ እንደሚጠላለፍ እናውቃለን። «አገኘሁት፣ አንቺ ትኩስ ነሽ» ብዬ አጨበጨብኩ።

ጦይባ አላጨበጨበችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትኩሳት ትኩሳት ሲላት እንደከረመ፣ አንሶላዋ በላብ እየራሰ እንደሚያድር፣ ወባ ነው ብላ ክኒን እየዋጠች እንደነበር ነገረችኝ። መርሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ሌላ ምን ያስባል። ያጨበጨብኩበትን እጄን የት እንደማደርገው አጣሁ። ደሴ ወሰድኳት። የደም ካንሰር ነው አሉን፣ ያውም የገፋ።

መድኃኒቱ ጉልበቷን በላው። ትምህርቱን ትታ መርሳ እናቷ ዘንድ ገባች። ባጃጅንና ጋሪን ለአማካሪዋ ላክንላቸው፤ በማሽን ደጋግመው ሠርተው ውጤቱ ልክ ነው አሉ። ጽሑፍሽን የምትከላከዪውም በኢንተርኔት ነው፣ ቤትሽ ሆነሽ ትናገሪያለሽ ተባለች፣ ቀንም ተቆረጠላት። ያን ቀን እንድታገኘው ብዬ ያልተሳልኩበት ደብር የለም። እማማ ዘሐራም በበኩላቸው ዱዓ ያስደርጉ ነበር። እኔ ስመጣ ይነግሩኛል፣ እኔም የእኔን እነግራቸዋለሁ፤ ሁለታችንም አንድ ነገር ነበር የምንለምነው።

ትናንት ስደርስ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ፍራሽ አንጥፈውላት ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇን ስይዘው አጥንት ነው። ቀኑ ሊደርስ ትንሽ ነው የቀረው ብዬ ላጽናናት ስጀምር በጣቷ አስቆመችኝ። «እንደማልደርስ አውቃለሁ። ዛሬ እናገራለሁ፣ ለእናንተ» አለች። እናንተ ያለችው እናቷን፣ ሰይድን፣ ልትጠይቃት የገባች አንዲት ጎረቤትና እኔን ነው። ሰይድ የግቢውን በር ዘግቶ መጣ። እማማ ዘሐራ ነጠላቸውን አስተካክለው እንግዳ ፊት እንደሚቀርብ ሰው ቁጭ አሉ።

ተናገረች። ከዲ ኤን ኤው ጀምራ፣ ኮዶኑን፣ ሪቦዞሙን፣ መቆሙን፣ መታጠፉን፣ ባጃጅንና ጋሪን፣ አንድም ሳትዘል። በየቃሉ ትያዛለች፣ ትንፋሿ ያጥራል፣ ውሃ ትጎነጫለች፣ ትቀጥላለች። የማንጎው ጥላ ከፍራሹ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ አገኘን፣ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እማማ ዘሐራ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ልማድ ነው፣ ልጃቸው ስትያዝ ከሕፃንነቷ ጀምረው ይጨርሱላታል። በእጃቸው አፋቸውን ያዙት። «ለካ ትሎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ» አሉ በመካከል፣ ጦይባም ፈገግ አለች።

መጨረሻዋ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። አብረን ስለጻፍናት በቃሌ አውቃታለሁ፤ «መቆሙ ስህተት አይደለም፣ ፕሮቲኑ የሚታጠፈው ያኔ ነው» የምትል። ጦይባ «መቆሙ ስህተት አይደለም» አለች። «ፕሮቲኑ የሚ…» ብላ ቆመች።

ጠበቅን። ጅማቷ ተገተረ። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና እንደገና ያዘችው፣ እንደገና እዚያው ቆመች። ላቧ በግንባሯ ወረደ። ሰይድ ፊቱን አዞረ። ዓይኗን ከእናቷ ላይ አንስታ እኔ ላይ ተከለችው። ያንን አስተያየቷን ስንት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ጠብቂኝ ማለት ነው። ትናንት ግን ሌላም ነገር ነበረበት፤ በይልኝ የምትል መሰለኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። አላልኩትም። ጠበቅኋት። እሷም ስታየኝ ቆየችና ዓይኗን ከደነች፤ ደክሟት ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ተሸክመን አስገባናት። ስትነቃ ትጨርሰዋለች አልኳቸው፣ አምኜ ነው ያልኩት። መሸት ስላለብኝ ወደ ወልድያ ተመለስኩ።

ሰይድ እንደነገረኝ ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። ንጋት ላይ አረፈች።

ዛሬ ከቀብር የተመለሱት ወንዶች ግቢውን ሲሞሉ እማማ ዘሐራ ወደ እኔ ዘወር ብለው «የመጨረሻው ምን ነበር? ልጄ ምን ልትል ነበር?» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። እኒህ ሴት ልጃቸውን ቀብረው ነው የሚጠይቁኝ፣ ልነግራቸው ይገባል። «የሚ…» አልኩና ማልቀስ ቀደመኝ፣ ከዚያ በላይ ማለት አቃተኝ። እማማ ዘሐራ እጄን ይዘው ጠበቁኝ።